ደም ማቅጠኛ የተባለው ክኒንና የእናት ጎመን

ይሄን ጉዳይ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ታማሚዋም እናቷም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስም፣ ከተማና ሆስፒታል ግን አልጠቅስም። ቁጥሮቹን ያገኘሁት ከክትትል ደብተሯ ነው።

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ሰው «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ክኒን) የሚወስድ ሰው ሁሉ «ጎመን አትብላ» ይባላል። ለዚች ልጅም ተብሏል። መጀመሪያ ጎመን መብላቷ ጎዳት፤ ሊገድላት የደረሰው ግን መብላት ያቆመች ጊዜ ነው። እኛ ባለሙያዎቹ ይሄን አላየንም። ምግቧን የሚሠሩት እናቷ ቢጠየቁ ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግሩን ነበር። ለሁለት ዓመት ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔንም ጨምሮ።

ስለ ታማሚዋ

ነገሩ ሲፈጠር 26 ዓመቷ ነበር። ልጅ እያለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። «ቶንሲል ነው» ተባለና እንጥሏን አስቆረጧት። 11 ዓመቷ ላይ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ክርኗ፣ ክርኗ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ። «ብርድ ነው» ተባለች። ለጥቂት ሳምንት ተኝታ ተነሳች፤ ነገሩም ተረሳ።

ይሄ ሩማቲክ ትኩሳት ነበር። ከአንድ ዓይነት የጉሮሮ ባክቴሪያ በኋላ ይመጣል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ በየዓመቱም እየጠበበ ወይም እያፈሰሰ ይሄዳል። እንጥል መቁረጥ ይሄን አይከለክልም። ያኔ በወቅቱ የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ሊከለክለው ይችል ነበር። እዚህ ላይ ሳልቆም ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም የልጅ ጉሮሮ ሕመም ከትኩሳት ጋር ሲመጣ ጤና ጣቢያ መውሰድ የሚያድነው እንደዚህ ዓይነቱን ሕይወት ነው።

ሃያዎቹ ውስጥ ስትገባ ዳገት መውጣት አቃታት። ቆይቶ ደግሞ ሦስት ትራስ ካልደረበች መተኛት አልቻለችም። በ2013 ዓ.ም. ማይትራል የሚባለው የግራ ልቧ ቫልቭ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሜካኒካል ቫልቭ ገባላት። ሌሊት ቤቱ ፀጥ ሲል ቫልቩ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። እናቷ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ ኋላ ግን ድምፁን ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ጀመር።

እንዲህ ያለ ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ቫልቩን ሊያንቀው ወይም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ልኩ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ ወደ 1 ነው። የእሷ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ደም መርጋት ያሰጋል፣ በጣም ከወጣ መድማት።

ምርመራው ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። እሷ ከምትኖርበት ከተማ በሚኒባስ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ «በየሳምንቱ እየመጣሽ ተመርመሪ» ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው።

ሁዳዴ ላይ የሆነው

በ2015 ዓ.ም. ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ቁጥሯ 2.8 ነበር። በቀን 5 ሚሊግራም ትወስዳለች። ሸጋ ነው።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት 1.7 ሆነ። «ክኒን ዘለሽ እንዴ?» ተባለች። «አልዘለልኩም» አለች። ያመናት ሰው የለም፤ እኔም አላመንኳትም። ብዙ ሰው ስለሚዘል እሷም ዘላ ነው ብለን ደመደምን። መጠኑ ጨመር ተደረገ፤ አንድ ቀን 5፣ አንድ ቀን 7.5። ከሁለት ሳምንት በኋላ 1.6። አሁን በየቀኑ 7.5 ሆነ። በሆሳዕና ሳምንት 2.6 ደረሰ። ሁላችንም ደስ አለን። ክኒኑን ቆጥሬ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ «በርቺ» ብዬ ሸኘኋት። ቀጣዩ ቀጠሮ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተያዘ።

ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ዶሮ፣ ጥብስ፣ አይብ፣ እንቁላል። ጎመን ከገበታው ጠፋ። መጠኑ ግን ለጎመን ወቅት የተለካው 7.5 ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ሆዷን ቆረጣት፣ ተቅማጥም ያዛት። ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ሄደች። «አሜባ ይሆናል» ተባለችና ሜትሮኒዳዞል ለሰባት ቀን ተሰጣት። ሌላ ምን እንደምትወስድ አልተጠየቀችም፣ እሷም አልተናገረችም። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን እንዳያስወግድ ያግደዋል፤ ያው መጠን በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ተቅማጡና ምግብ አለመብላቷም ሌላ ጭማሪ ሆኑ። አንድ ላይ ሦስት ነገር ገፋት ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን ጥርሷን ስትፋቅ ድዷ ደማ። ጭኗ ላይ ሳትመታ ሰማያዊ በለዘ። በስድስተኛው ቀን ነስር ጀመራት፤ ቢጫኑት ቢያቀዘቅዙት አልቆም አለ። እዚያው ከተማ ያለ ጤና ተቋም ወሰዷት፤ የሚችሉትን አድርገው ወደ እኛ ላኳት። ስትደርስ የተወሰደው ደም ማሽኑ ከሚያነበው በላይ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ «ከ8 በላይ» ብቻ ይላል።

ሆስፒታል ውስጥ

የዋርፋሪንን ሥራ የሚሽር 10 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ተሰጣት። ነስሩ ቆመ። በማግስቱ ግን ቁጥሯ 1.2 ሆነ፤ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው። ያን ያህል ቫይታሚን ኬ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ዋርፋሪኑ ለቀናት አልሠራ አለ። ቫልቩ እንዳይዘጋ ሄፓሪን የሚባል ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ተጀመረላትና 12 ቀን ተኛች። ሜካኒካል ቫልቭ ያለው ሰው ላይ መድማቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በአፍ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ይመረጣል። ያዘዘውን ሐኪም ግን መውቀስ አልፈልግም። ሌሊት ነው፣ ደሙ አልቆመም፣ ቁጥሩ አይነበብም፤ እጅህ ያለው አምፑል ደግሞ 10 ሚሊግራም ነው።

ከእናቷ ጋር የተነጋገርንበት ቀን

እናቷ በየቀኑ ምሳ ያመጣሉ። አንድ ቀን ዎርድ ስገባ ሳህኑን ሲከፍቱ አየሁ። ቆስጣ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። በዚያ ሰዓት እኛ ዋርፋሪኑ ለምን አልያዘም እያልን ጭንቅላታችንን እናካለን!

«እትዬ፣ ጎመን እንዳትበላ አልተባለችም?» አልኳቸው።

«ተብላለች። ግን ልጄ፣ ይሄ ክኒን ደሟን ያቀጥናል ብለውኛል። ደሟ እየቀጠነ እንዴት ዝም ብዬ አያለሁ? ደም ይተካል የተባለውን ሁሉ ነው የማበላት። በፍስኩ ሥጋውም ጉበቱም ስላለ ጎመኑን እተወዋለሁ፤ አሁን ግን ደም ስለፈሰሳት መለስኩት። በጾም ግን ምን አላት? ያለ ጎመን በምን ትቁም?»

ቁጭ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቁጥሩ መውጣትና መውረድ ምስጢር እዚህ ንግግር ውስጥ አለ። «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ቃል ለእናቲቱ የሰጠናቸው እኛ ነን። እሳቸው የሰሙት ደግሞ እንደ ማንኛውም እናት ነው፤ ደም ቀጠነ ማለት ደም አነሰ፣ ልጅ ደከመች ማለት ነው። መድኃኒቱ ልጃቸውን በየቀኑ እንደሚያደማት ነበር የሚያስቡት። ስለዚህ ይተካሉ። በሁዳዴ ጠዋት ማታ ጎመን። በፍስክ ጉበት። ያደረጉት ሁሉ ከፍቅር የመጣና በራሱ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። የተሳሳተው የእኛ ቃል ነው።

ዋርፋሪን ደም አያቀጥንም፣ አይቀንስምም። ጉበት ደም ለማርጋት የሚጠቅሙትን አንዳንድ ነገሮች የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው፤ ዋርፋሪን ይሄን ሥራ ያዘገየዋል። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ በቫይታሚን ኬ የተሞሉ ናቸው። አንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ወደ 90 ማይክሮግራም ነው፤ ግማሽ ስኒ የተቀቀለ ጎመን ውስጥ ግን ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ አለ። ቀይ ሥሩ ከነገሩ ነፃ ነው፤ ቫይታሚን ኬ ያለው ቅጠሉ ላይ እንጂ ሥሩ ላይ አይደለም።

ለእናቷ ያስረዳኋቸው በእርሾ ነው። «ሊጡ ያው ነው፣ ዱቄቱም ያው ነው። ይሄ ክኒን እርሾውን ያዘገየዋል፤ ቶሎ እንዳይቦካ። ጎመኑ ደግሞ እርሾ ይጨምራል። እርስዎ አንድ ወር እርሾ አብዝተው በሌላው ወር ጭራሽ ሲተዉት እኛ መለካት አቃተን።» ዝም አሉ። ቆይተው «ታዲያ ይሄን ለምን ቀድሞ የነገረኝ የለም?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ያደረግነው

መጀመሪያ ክልከላውን አነሳነው። ጎመን ይበላል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ፣ አንድ ጭልፋ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ። በሃምሳውም ጭምር። ረቡዕና ዓርብን የመረጡት እናቷ ናቸው፤ «እሱን አልረሳም» ብለው። በሌላው የጾም ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንች በካሮት። ከእነዚህ አንዱም ቁጥሩን እንደ ጎመን አያወርደውም።

ሁለተኛ፣ ደብተር። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ከማድ ቤቱ በር ጀርባ በምስማር ተሰቀለ። በየቀኑ አንድ መስመር፤ ክኒን ተዋጠ ወይስ አልተዋጠ፣ ስንት ሚሊግራም፣ ጎመን ተበላ ወይስ አልተበላ፣ አዲስ መድኃኒት አለ ወይ። እናቷ መጻፍ ስለማይችሉ ለጎመን ክብ ምልክት ያደርጋሉ። ስትመጣ ደብተሩን ይዛ ትመጣለች። አሁን ቁጥሩ ሲዛባ «ክኒን ዘለሽ?» ብለን አንጀምርም፤ ደብተሩን ገልጠን እናያለን።

ክኒኑ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሆነ፤ ዜና ሲጀምር። ማታ መሆኑ ሁለት ነገር ይጠቅማል። ጾሙን አይነካም፤ ቀን ተመርምራ መጠኑ ቢቀየር ደግሞ ያኑ ማታ መጀመር ትችላለች። ከረሳችና ያው ቀን ትዝ ካላት ትውጣለች። ካደረ ግን ይቅር፤ ደብተሩ ላይ «ቀርቷል» ተብሎ ይጻፍ። በማግስቱ ሁለት መዋጥ የለም።

ምርመራውን ከበዓል ጋር አሰርነው። አንድ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ጾሙ በገባ በሁለት ሳምንት፣ አንድ ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ። ሌላ ጊዜ ቁጥሩ ሲረጋጋ በየወሩ። ሦስት ሰዓት መንገድ የሚኬደው አደጋው ባለበት ወቅት ይሁን ብለን ነው።

ሰፈሯ ወዳለው መድኃኒት ቤት ስልክ ደወልኩ። ይሄን ስሠራ ትንሽ ፈርቼ ነበር፤ ባለሙያው ይከፋ ይሆናል ብዬ። አልተከፋም፤ ደነገጠ እንጂ። አሁን ለእሷ ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ፍሉኮናዞል ሳይደውልልኝ አይሰጥም። ለሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጣትም፤ ፓራሲታሞል በልክ ብቻ። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ካርድ አለ፤ «ሜካኒካል የልብ ቫልቭ አለኝ። ዋርፋሪን እወስዳለሁ።» ከታች የእኔና የባሏ ስልክ።

አንድ የተረሳ ነገርም ተገኘ። በየአራት ሳምንቱ መወጋት ያለባትን ፔኒሲሊን አምስት ወር ሳትወጋ ቆይታለች። ቫልቭ መቀየር ሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ አያደርግም፤ ሌሎቹ የራሷ ቫልቮችም አሉ። የጤና ጣቢያው ነርስ «ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው ጡንቻ አልወጋም» ብላ መልሳት ነበር። ፍርሃቷ መሠረት አለው፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበረች። ቁጥሩ በልኩ ሲሆን ግን ቀስ ብሎ ወግቶ ቦታውን ለደቂቃዎች ጫን አድርጎ መያዝ ይቻላል። ካርዷ ላይ የቅርብ ጊዜ ቁጥሯን መጻፍ ስንጀምር ነርሷም ተስማማች።

ያልሠራው

የስልክ ማስታወሻ ደወል አልሠራም። መብራት ይጠፋል፣ ስልኩ ይዘጋል፣ ወይም ሰው ቤት እያለች ሲጮህ አፍራ ታጠፋዋለች።

በውጭ አገር ሰዎች የሚጠቀሙበት ሰባት ክፍል ያለው የክኒን ሳጥንም ሞከርን። ግማሽ ክኒኖቹ ውስጡ እየተፈረፈሩ አስቸገሩ። ተወው።

በሆስፒታሉ የሚታደለው የምግብ ዝርዝር ወረቀት ደግሞ ብሮኮሊና ስፒናች ይላል። እናቷ «እነዚህንስ ዐይታቸውም አታውቅ» አሉ። ወረቀቱን አንስቼ በራሴ እጅ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ብዬ ጻፍኩት።

ማስፈራራትም አልሠራም። ጎረቤት የሆነ ወጣት ኢንተርኔት ላይ አይቶ «ይሄ እኮ የአይጥ መርዝ ነው» ብሏት ሦስት ቀን ሳትውጥ ቀርታለች። ውሸት አይደለም፤ ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ነው የወጣው። በ1954 ግን ለሰው ተፈቀደ፤ በቀጣዩ ዓመት ልባቸውን ያመማቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ወስደውታል። ይሄን ሁሉ ከፍቼ ስነግራት ነው የተረጋጋችው። ዝም ብዬ «አትስሚው» ብላት ኖሮ አራተኛውንም ቀን አትውጥም ነበር።

ዘመድ ደግሞ «ምርመራ የማይፈልግ አዲስ መድኃኒት አለ፣ እሱን ለምን አትሰጧትም?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከአዲሶቹ አንዱ ዳቢጋትራን ሜካኒካል ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ደም መርጋትም መድማትም ስለበዛ ጥናቱ ከመሀል ተቋርጧል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ለእሷ ዓይነት ቫልቭ ዛሬም መድኃኒቱ ዋርፋሪን ነው።

ጠበል

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበረው ዓመት አንድ ሱባኤ ገብታ ሰባት ቀን ክኒኑን አቁማ ነበር። ለሐኪም አልተናገረችም፤ የሰማሁት በኋላ ነው። ቫልቭ ላላት ሰው ሰባት ቀን ያለ ዋርፋሪን በጣም ከባድ አደጋ ነው። እግዚአብሔር ጠብቋታል።

እዚህ ላይ ክርክር አልከፈትኩም። የንስሐ አባታቸውን ለማግኘት ፈቃድ ጠየቅኩ። እሳቸውም «ጠበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ» አሏት። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣበት ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው እንደነበር አስታወሱን። ከዚያ ወዲህ ጠበል ስትሄድ ክኒኑ በመቀነቷ ተቋጥሮ አብሯት ይሄዳል። ታማ ስለሆነ ከጾሙ ሊያወጧት ይችሉ ነበር። እሷ ግን መጾም ፈለገች፤ እኛም ጾሙን እንደ እንቅፋት ማየት ትተን መጠኑን ከጾሙ ጋር ማስማማት ያዝን።

ሮዙ ክኒን

ሁሉም ነገር መልክ ያዘ ባልንበት፣ በ2016 ክረምት ላይ፣ ዋርፋሪን ከገበያ ጠፋ። እኛም ጋ አልቆ ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው አንድ ብልቃጥ ይዞላት መጣ። እሷ ስትወስደው የኖረችው 5 ሚሊግራም ሮዝ ቀለም ነው። የመጣውም ሮዝ ነው። እንደለመደችው አንድ አንድ ዋጠች።

በቀጠሮዋ ቀን ቁጥሯ 1.3 ሆነ። ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ ክኒን አልተዘለለም፣ ጎመኑም በልኩ ነው። ብልቃጡን ይዛ እንድትመጣ አደረግኩ። በአሜሪካ አሠራር ሮዙ 1 ሚሊግራም ነው፤ 5 ሚሊግራሙ የኮክ ቀለም አለው። በእንግሊዝ ደግሞ ሮዙ 5፣ ቡናማው 1 ሚሊግራም ነው። ልጅቷ ለሦስት ሳምንት የመጠኗን አንድ አምስተኛ ስትወስድ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ እስኪመለስ ደም እንዳይረጋ ሆዷ ላይ በሚወጋ መርፌ ቆየች።

ደብተሩ ላይ «ስንት ሚሊግራም» የሚል ቦታ ነበረው። እሷ ግን «1 ፍሬ» ብላ ነበር የምትጽፈው፤ እኔም በየወሩ እያየሁ አላረምኩትም። ስንገናኝ «ሮዟን እየወሰድሽ ነው?» እላት ነበር። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። አሁን በቀለም አንነጋገርም። ከየትም የመጣ ክኒን ከመዋጡ በፊት የብልቃጡን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ መድኃኒት የምትልኩ ሰዎች፣ እባካችሁ በቀለምና በቅርጽ አትመኑ። ሚሊግራሙን በአማርኛ በትልቁ ጽፋችሁ ብልቃጡ ላይ ለጥፉበት።

ለሌላ ሰው የሚተርፈው

ቤታችሁ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካለ መጀመሪያ ማነው ምግብ የሚሠራው ብላችሁ ጠይቁ። ቀጠሮ ላይ ታማሚው ብቻ ሳይሆን እሱም ይገኝ። ሠራተኛም ብትሆን፣ እናትም ብትሆን፣ ሚስትም ብትሆን።

ጎመን መተው አያስፈልግም፤ ዛሬ ብዙ ነገ ምንም ማድረግ ነው ችግሩ። አመጋገብ ሲቀየር፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ፣ ምግብ የሚዘጋ ሕመም ሲመጣ፣ ተቅማጥ ሲይዝ ቁጥሩ ይቀየራል ብሎ አስቀድሞ ማሰብና መመርመር ነው። በሁዳዴ የተጨመረ መጠን ከፋሲካ በኋላ ሳይታይ መቀጠል የለበትም። እኔ ካየሁት ሁሉ ይሄ አንዱ ነገር ብቻ ቢያዝ ብዙ ሰው ይተርፋል።

ባለሙያዎች ደግሞ «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ቃል ብንተወው እላለሁ። «ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ» ማለት አንድ ቃል ቢረዝም ነው። ታማሚው «አልዘለልኩም» ሲል ደግሞ ለጊዜው እንመነው፤ ሌላውን ምክንያት እንፈልግና ከጠፋ እንመለስበት።

ማንኛውም መድኃኒት ቤት ስትገቡ ገና በሩ ላይ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» በሉ። ለሆድ ቢሆን፣ ለጥርስ ቢሆን፣ ለጉንፋን ቢሆን። የቲቢ መድኃኒት ከተጀመረም እንዲሁ፤ ሪፋምፒሲን ቁጥሩን በኃይል ያወርዳል።

ሳይዘገይ ሆስፒታል የሚያስኬዱት ደግሞ እነዚህ ናቸው። የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ወይም ደም ያለው ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ ጭንቅላት መመታት ባይደማም እንኳ። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የአፍ መተሳሰር። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር። የቫልቩ ቀጭ ቀጭታ ከጠፋ ወይም ከታፈነም አይታደርም፤ ያኑ ሌሊት መሄድ ነው።

አሁን ያለችበት

በ2016 ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት 2.9፣ በጾሙ መሀል 2.7፣ ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ 3.1 ነበረች። መጠኑ አንድ ጊዜም አልተቀየረም። ከሮዙ ክኒን በኋላ ያሉት ቁጥሮች ከሁለቱ በስተቀር በልኩ ውስጥ ናቸው።

ያልተፈታው ጉዳይ ልጅ ነው። ባለትዳር ናት፣ መውለድ ትፈልጋለች። ዋርፋሪን በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ማቆም ደግሞ እናቲቱን ለደም መርጋት ያጋልጣል። መርፌ መተካት ይቻላል፤ ግን በቅርብ ክትትል ነው፣ ክትትሉ ደግሞ ሦስት ሰዓት ርቆ ነው ያለው። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ከልብ ሐኪምና ከማሕፀን ሐኪም ጋር ባሏም ባለበት ለመቀመጥ ቀጠሮ አስይዘናል። የወር አበባዋ አንድ ሳምንት ከዘገየ ሳትጠብቅ እንድትደውል ተነጋግረናል።

ባለፈው ስትመጣ እናቷም አብረው ነበሩ። ደብተሩ አልቆ ሁለተኛው ተጀምሯል። እሳቸው ከኔ ፊት ገለጡትና በጣታቸው ክቦቹን እያሳዩ፣ «ይኸው ረቡዕ፣ ይኸው ዓርብ። እዚህ ጋ ግን ለቅሶ ሄጄ አልሠራሁላትም» አሉ።